በሽታውን ከሰዎቹ መለየት፤ የጤና መልእክት ታሪክ ከፎገራ ሜዳ እስከ ኢየሩሳሌም

መግቢያ

በደቡብ ጎንደር፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ፣ ጣራ ገዳም ከነደኑ በተራራ ላይ ተቀምጦ ይታያል። ከተራራው በታች የሊቦ ከምከም ቀበሌዎች፣ ከእነርሱም ቀጥሎ በወረታ ከተማ ዙሪያ የሚገኘው የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ ይዘረጋሉ። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የሚተኙበት ይህ ምድር በፎገራ ከብቶቹ፣ ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት ደግሞ በሩዝ ምርቱ ስሙ ታውቋል። ለጤና ባለሙያ ግን አካባቢው ሌላም ታሪክ አለው። ከዚህ ምድርና ከጎረቤቶቹ የወጡ ሰዎች በሽታን ብቻ ሳይሆን በበሽታ ስም የሚመጣን ወቀሳም ተሸክመው ኖረዋል።

በሽታ በተነሣ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይነሣሉ። አንደኛው «ምን አመጣው?» የሚለው ሲሆን ሁለተኛው «ማን አመጣው?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ወደ ምርመራና ወደ መከላከል ይመራል። ሁለተኛው ጥያቄ ተገቢ ጥንቃቄ ካልተደረገበት አንድን ሕዝብ፣ አንድን የሥራ ዘርፍ ወይም አንድን የቆዳ ቀለም ከበሽታው ጋር ወደ ማሰር ያመራል። ይህ ጽሑፍ በጣና ዙሪያ ከተከሠተው የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ፣ ከጎንደር ወደ እስራኤል በሄዱት ወገኖቻችን ላይ የደረሰውን በማስታወስ፣ በመጨረሻም በሊቦ ከምከምና በፎገራ የታየውን የካላዛር ወረርሽኝ በመመርመር፣ በዛሬው የማኅበራዊ መገናኛ ዘመን የጤና መልእክት እንዴት ሊነገር እንደሚገባ ለማመልከት ይሞክራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ንዳድ በጣና ዙሪያ

በአማርኛ «ንዳድ» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። ሰውነትን የሚያነድድ ትኩሳትን ሁሉ ሊያቅፍ ይችላል። የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ ማደርን የሚፈራው በዚሁ በንዳድ ምክንያት ነበር። ፍርሃቱ መሠረት የለሽ አልነበረም፤ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ በሞቃትና ውኃ በሚቋጥር ስፍራ ትራባለችና። ሆኖም የአየሩ ጠባይና የትንኟ አኗኗር በውል ባልታወቀበት ዘመን ክፋቱ የሚነገረው ስለ ምድሪቱና በእርሷ ላይ ስለሚኖሩት ሰዎች ነበር።

በ1953 በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰዎችን እንደ ገደለ ተመዝግቧል። ይህ እልቂት በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲቋቋም ዐቢይ ምክንያት ሆኗል። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን እንደ አንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያዎች ማሠማራቱ በአገራችን የሕክምና ታሪክ ልዩ ስፍራ ያሰጠዋል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ወባ የኢትዮጵያን ሰፊ የደጋና የወይና ደጋ ክፍል አጠቃ። በወቅቱ በተደረገው ግምት መሠረት 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሲታመሙ 150,000 የሚሆኑት ሞተዋል። ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ድረስ ባሉና ከወባ ነፃ ናቸው ተብለው በሚታሰቡ ስፍራዎች ጭምር ሰው ረገፈ።

ይህ ወረርሽኝ «ንዳድ የቆላ ሰው በሽታ ነው» የሚለውን አስተሳሰብ በተግባር ያፈረሰ ነበር። ዝናቡና ሙቀቱ ለትንኟ ሲመቻት ደገኛውም እንደ ቆለኛው ታመመ። የጎንደር ኮሌጅ የቡድን አሠራርም አንድ ቁም ነገር አስተምሯል፤ ሕመምተኛውን የሚያክመው፣ ቤት ለቤት የሚዞረውና ውኃውንና አካባቢውን የሚመረምረው ባለሙያ በአንድነት ከሕዝቡ መካከል ሲኖሩ፣ የጤና ትምህርት ከሩቅ የሚወርድ ትእዛዝ መሆኑ ይቀርና የጎረቤት ምክር ይሆናል።

የቡዳ ስም

በሽታን ከሰው ጋር የማሰሩ ልማድ ከውጭ የመጣብን ብቻ አለመሆኑን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በጎንደር፣ በደንቢያ፣ በወገራና በስሜን ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ከእርሻ ሌላ በብረት ሥራ፣ በሸክላና በሽመና ይተዳደሩ ነበር። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ምጣዱን ለጎረቤቶቻቸው የሚያቀርቡት እነርሱ ነበሩ። ይሁን እንጂ ልጅ ሲከሳ፣ ሆድ ሲቆርጥ፣ ጤነኛ የነበረ ሰው በድንገት ሲወድቅ፣ «ቡዳ በላው» ተብሎ ጣት የሚቀሰረው በእነዚሁ ባለሙያዎች ላይ ነበር። በሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣሉ የሚለው ወሬም አብሮ ይነገር ነበር። ሌሎች የእጅ ጥበብ ባለሙያዎችም ከዚህ ስም አላመለጡም።

ጉዳቱ ሁለት ወገን ነው። ስሙ የተለጠፈበት ሰው ከማዕድና ከጋብቻ ይገለላል፤ አልፎ ተርፎም ለድብደባ ይጋለጣል። ሕመምተኛው ደግሞ በጭስና በሥራሥር እየተሞከረ ለሕክምና የሚውለው ጊዜ ያልፍበታል። በሽታው ስም ካገኘ፣ ያውም የጎረቤት ስም ካገኘ፣ እውነተኛውን ምክንያት የሚፈልግ አይገኝም። ይህንን ከዘነጋን በሌሎች የደረሰብንን ስንከስስ የራሳችንን እንሸፍናለን።

ደሙ የተደፋው ሕዝብ

ቤተ እስራኤል በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተጓዙ። በሁለተኛው ዘመቻ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ተወስደዋል። በአገራቸው «ቡዳ» ሲባሉ የኖሩ ሰዎች በአዲሱ አገር ከሌላ የበሽታ ስም ጋር ይገናኛሉ ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

በጃንዋሪ 1996 ማዓሪቭ የተባለው የእስራኤል ጋዜጣ አንድ ምስጢር አወጣ። የአገሪቱ የደም ባንክ ከኢትዮጵያውያን ለጋሾች የሚቀበለውን ደም፣ ለጋሾቹ ሳያውቁ፣ ለዓመታት ሲያስወግደው ኖሯል። የተሰጠው ምክንያት በኢትዮጵያውያኑ ዘንድ የኤች አይ ቪ ሥርጭት ከሌላው የአገሪቱ ሕዝብ ይበልጣል የሚል ነበር። ወሬው በተሰማ በቀናት ውስጥ 10,000 ያህል ሰዎች በኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተሰለፉ፤ ሰልፉም ከፖሊስ ጋር ወደ ግጭት አመራ። መንግሥት በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ።

ይህ ታሪክ ለጤና ባለሙያ ልዩ ትምህርት አለው፤ ጉዳዩ ከባዶ የተፈጠረ አይደለምና። በመጤዎቹ ዘንድ የቫይረሱ ሥርጭት ከፍ ያለ መሆኑ በምርመራ የታየ ነበር። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ በምርመራ የማይታይበት «የመስኮት ጊዜ» መኖሩም እውነት ነው። ደም ባንክም ተቀባዩን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ጥፋቱ የሚገኘው በሌላ ስፍራ ነው። በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ ለጋሽ ስለ ራሱ ሁኔታ ተጠይቆ በራሱ ሳይመዘን፣ በትውልዱ ብቻ ተፈረደበት። ሁለተኛም፣ ውሳኔው ለሚመለከታቸው ሰዎች አልተነገረም። ሰዎቹ ክንዳቸውን ዘርግተው «ለወገኔ» ብለው ሲሰጡ፣ ምስጋና ተነግሯቸው ሲሄዱ፣ ደሙ ይደፋ ነበር። በባህላችን ደም ዘርም ዝምድናም ነው፤ «ደሜ ነው» ማለት «ወገኔ ነው» ማለት ነው። ስለዚህ የተጣለው ደም በጆሯቸው «ከእኛ ወገን አይደላችሁም» የሚል መልእክት ሆኖ ተሰማ። ማንም ሳይናገረው የተላለፈ የጤና መልእክት ይህ ነበር።

ነገሩ በእስራኤል ብቻ የታየ አይደለም። በፌብሩዋሪ 1990 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የሄይቲና ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ተወላጆች ደም እንዳይለግሱ አገደ። በአፕሪል ወር እጅግ ብዙ ሕዝብ በኒው ዮርክ የብሩክሊንን ድልድይ ተሻግሮ ተቃውሞውን አሰማ፤ እገዳውም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተነሣ። በእስራኤል ግን ጉዳዩ ረዥም ጥላ ጥሎ ቆየ። በዲሴምበር 2013 በጎንደር አካባቢ የተወለዱት የምክር ቤት አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ በምክር ቤቱ ግቢ ደም ሊለግሱ ቀርበው ደማቸው ለሕክምና እንደማይውል ተነገራቸው።

በአንድ ቃል ሁለት ቋንቋ

ከዚህ ቁስል ጎን ለጎን የተሻለ አሠራርም ተወልዷል። ወደ እስራኤል የገቡት ኢትዮጵያውያን ከዓመታት በኋላ የስኳር በሽታ በብዛት ይታይባቸው ጀመር። በእህልና በጥራጥሬ ላይ ከተመሠረተ አመጋገብና ከረዥም የእግር ጉዞ ወደ ስኳር፣ ነጭ ዳቦና ቁጭ ብሎ መዋል መሸጋገራቸው ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። በ1998 የስኳር በሽታ ሐኪም የሆኑት ዶክተር አናት ያፌ «ጤና ብሪዩት» የተባለ ድርጅት መሠረቱ። «ብሪዩት» በዕብራይስጥ «ጤና» ማለት ስለሆነ ስሙ አንዱን ቃል በሁለት ቋንቋ ይደግመዋል። ድርጅቱ ከማኅበረሰቡ የወጡ ሰዎችን በሐኪሙና በታካሚው መካከል አስማሚ አድርጎ አሠለጠነ፤ የአማርኛ የሕክምና አስተርጓሚነት አገልግሎትም በስልክ እንዲሰጥ ረዳ።

የአስማሚው ሥራ ቃልን በቃል መተካት ብቻ አይደለም። አንድ አዛውንት «ልቤን ያመኛል» ሲሉ የደረት ሕመም፣ የሆድ ቃር ወይም ኀዘን ማለታቸው ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ በቀጥታ የሚናገረው ክፉ ዜና ለዘመድ ቀድሞ ተነግሮ፣ በወግ የሚረዳ መርዶ ሊያስፈልገው ይችላል። ይህንን የሚያውቅ ሰው መሐል ሲቆም ታካሚው «አላዋቂ» መባሉ ይቀርና አዋቂነቱ በራሱ ሚዛን ይታያል።

በአገራችንም ተመሳሳይ ትምህርት ተገኝቷል። በ2005 የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ በእንጦጦና በሌሎች የጠበል ስፍራዎች የሚጠመቁ ብዙ ሕመምተኞች መድኃኒቱንና ጠበሉን እንደ ተቃራኒ መንገዶች ይመለከቷቸው ነበር። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን እየወሰዱ መጠመቅ እንደሚችሉ በይፋ አስተማሩ። ባለሙያው «ጠበሉን ተው» በማለት ሊፈታው ያልቻለውን ችግር፣ እምነቱን ሳይነካ የተነገረ አንድ ቃል አቃለለው። በጣራ ገዳም አካባቢም ሆነ በሌላ ስፍራ፣ የነፍስ አባት ከሐኪሙ ተቀናቃኝ ይልቅ አጋር ሊሆን እንደሚችል ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ካላዛር በሊቦ ከምከምና በፎገራ

በዚሁ በ2005፣ በሜይ ወር፣ ከጣራ ገዳም በታች ባሉት ቀበሌዎች ሲገድል የቆየው በሽታ ምንነት ታወቀ። ሰዎች ለሳምንታት በትኩሳት ይሠቃያሉ፣ ይከሳሉ፣ ጣፊያቸው ያብጣል፤ የወባ መድኃኒት ቢሰጣቸውም አይድኑም። በመጀመሪያ የታሰበው መድኃኒት የተለማመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር። ትኩሳቱ ንዳድ፣ ያበጠው ጣፊያም የወባ የተለመደ ምልክት በመሆኑ ስሕተቱ የሚያስገርም አይደለም። በዚያ ላይ ካላዛር ይታወቅ የነበረው በሑመራና በመተማ ቆላ እንዲሁም በደቡብ ኢትዮጵያ ሸለቆዎች እንጂ በዚህ ከፍታ አልነበረም። «እዚህ አይኖርም» የሚለው እምነት የባለሙያውንም ዐይን ሸፍኖ ነበር።

ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በአዲስ ዘመን የሕክምና ማዕከል ከፈተ። በወረርሽኙ ዓመታት 2,450 ያህል አዲስ ሕመምተኞችና ወደ 120 የሚጠጉ ሞቶች ተመዝግበዋል። ከታካሚዎቹ ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት ወንዶች ሲሆኑ፣ የታካሚዎቹ አማካይ ዕድሜ 18 ዓመት ነበር። ብዙዎቹ እረኞችና ገበሬዎች መሆናቸው ከዚህ ይገመታል።

አጥኚዎች በሽታው ወደ አካባቢው የገባው ለሰሊጥና ለማሽላ አጨዳ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ወርደው በሚመለሱ የቀን ሠራተኞች አማካይነት ሳይሆን እንደማይቀር አመልክተዋል። ይህ ለመከላከል ሥራ የሚጠቅም ዕውቀት ነው። ነገር ግን ዕውቀቱ ወደ ሕዝብ ሲወርድ የሚለብሰው ቃል ወሳኝ ነው። «ካላዛርን ያመጡብን ከሑመራ የተመለሱት ናቸው» ብሎ የሚናገር ባለሙያ ሐሰት ላይናገር ይችላል፤ ሆኖም ትኩሳት የጀመረው ወጣት ከሑመራ መመለሱን እንዲደብቅ ያደርገዋል። ካላዛርና ኤች አይ ቪ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በአንድ ሰው ላይ አብረው መገኘታቸው የተለመደ በመሆኑ ደግሞ ሁለት ስም በአንድ ጊዜ ይለጠፍበታል። የደበቀ ሰው አይመረመርም፤ ያልተመረመረ ሰው ይሞታል፤ እስኪሞትም ድረስ ለአሸዋ ዝንቧ የጥገኛ ተሕዋሱ ምንጭ ሆኖ ይቆያል።

በ2009 የታተመ ጥናት 171 ሕመምተኞችን ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር አነጻጽሮ ሦስት ነገሮች አደጋውን እንደሚያባብሱ አሳይቷል። እነርሱም ቀን ከግራር ሥር መተኛት፣ ሌሊት ከቤት ውጪ የማደር ልማድና ውሻ ማሳደር ናቸው። ውሻው በመተላለፉ ያለው ሚና ግን ገና አልተረጋገጠም። ልብ ማለት የሚገባው ሦስቱም የኑሮ ግዴታ መሆናቸውን ነው። እረኛው በጠራራ ፀሐይ ከግራር ጥላ በቀር መጠለያ የለውም፤ ገበሬው አዝመራውን ለመጠበቅ ሜዳ ያድራል፤ ውሻውም የከብቱ ዘብ ነው። ስለዚህ «ከግራር ሥር አትተኙ» የሚል ደረቅ ትእዛዝ ሰውየውን እንደ ቸልተኛ ይቆጥረዋል። «ትኩሳትህ ከሁለት ሳምንት ካለፈና ከከሳህ፣ የትም ውለህ የትም አድረህ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ና» የሚለው ግን በሩን ይከፍትለታል።

የእጅ ስልክ ዘመን

ማኅበራዊ መገናኛ ይህንን የቆየ ችግር አልፈጠረውም፤ አፋጠነው እንጂ። በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ ማርች 13 ቀን 2020 ይፋ ሆነ፤ ሰውየው ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። በቀናት ውስጥ የውጭ አገር ሰዎች በመንገድ ላይ መሰደብና መወገር እንደ ደረሰባቸው የአሜሪካ ኤምባሲ ለዜጎቹ ባወጣው ማስጠንቀቂያ ገለጸ። በአፕሪል መጀመሪያ ደግሞ ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች በቴሌቪዥን ቀርበው ክትባት በአፍሪካ ስለ መሞከር የተናገሩት ቃል በየስልኩ ተሠራጨ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተርም ንግግሩን የዘረኝነት ቃል ነው በማለት አወገዙት። የቤተ እስራኤልን ደም ታሪክ የሚያስታውስ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ክትባት የሚጠራጠረውን ጎረቤቱን «መሃይም» ለማለት አይቸኩልም። ጥርጣሬው ታሪክ አለው፤ የሚመለሰውም በታሪክና በእውነት እንጂ በስድብ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ አዲስ በሽታ በአገር፣ በሕዝብ፣ በሥራ ዘርፍ ወይም በእንስሳ ስም እንዳይጠራ መክሯል። መመሪያው ለዓለም አቀፍ ጉባኤ ብቻ የተጻፈ አይደለም። በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ አንዲት አንቀጽ የሚለጥፍ የወረዳ ባለሙያም ሊይዘው ይገባል። ከላይ ካየነው ታሪክ በመነሣት የሚከተሉትን ነጥቦች መጨመር ይቻላል።

አንደኛ፣ መልእክቱ ተሕዋሱንና የመተላለፊያ መንገዱን እንጂ ሕዝቡን አይጥራ። ሁለተኛ፣ አንድን ወገን የሚመለከት ውሳኔ ለዓለም ከመበተኑ በፊት ለዚያው ወገን ይነገር። ሦስተኛ፣ ቃሉ የአካባቢው ይሁን። በቆዳ ላይ የሚወጣው ሌይሽማኒያ በጎንደርና በጎጃም «ቁንጭር» ሲባል እያወቅን በባዕድ ስም ብቻ ብንጽፍ የሚረዳን የለም። አራተኛ፣ ማንበብ ለማይችለው በድምፅ ይነገር፤ ተናጋሪውም ሕዝቡ የሚያውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የነፍስ አባት ወይም ከበሽታው የዳነ ሰው ቢሆን ይመረጣል።

አምስተኛው ነጥብ ስለ ሥዕል ነው። ከ1984 የኮረም ረኀብ ወዲህ የኢትዮጵያዊ ገጽ ለዓለም የታወቀው በከሳ ሰውነት ነው። ሆዱ በጣፊያ ያበጠ ልጅ ፎቶግራፍ በስልክ ሲሠራጭ ያንኑ ይደግማል፤ ልጁ አድጎ ትዳር በሚይዝበትም ዘመን ሥዕሉ አይጠፋም። የታካሚ ምስጢር በክፍላችን ውስጥ የሚጠበቀውን ያህል በስልካችንም ይጠበቅ። የከሳው ልጅ ፎቶግራፍ ከሚለጠፍ፣ ድኖ ከብቱን የሚጠብቀው እረኛ ፈቅዶ ቢናገር የበለጠ ያስተምራል።

በመጨረሻም፣ መሣሪያውን ብቻ መተማመን አይገባም። ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት፣ በማኅበራዊ መገናኛ ብቻ የሚተላለፍ ምክር ከሕዝቡ ሊደርስ አይችልም ነበር። በ1954 በጎንደር የተጀመረው፣ በእግር የሚሄደውና ከሕዝቡ ጋር የሚኖረው ባለሙያ ዛሬም ምትክ አላገኘም።

ማጠቃለያ

በጎንደር «ቡዳ» ተብሎ የተገፋው አንጥረኛ፣ በኢየሩሳሌም ደሙ የተደፋበት ለጋሽ፣ ከሑመራ ትኩሳት ይዞ የተመለሰው የቀን ሠራተኛ፣ በአዲስ አበባ መንገድ ድንጋይ የተወረወረበት እንግዳ፣ ሁሉም በአንድ ስሕተት የተጎዱ ናቸው። በሽታው ከእነርሱ ጋር ታሰረ፤ በሽታውም በዚህ ምክንያት አልተፈታም። የጤና ባለሙያ ይህንን ቋጠሮ በሙያው ሊፈታ ይችላል። ከጣራ ገዳም በታች ያለ አንድ እረኛ ወይም ከሑመራ የተመለሰ አንድ ወጣት ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ባለፈው ጊዜ ከየት እንደ መጣ ሳይደብቅ ወደ አዲስ ዘመን ወይም ወደ ወረታ ከሄደ፣ የላክነው መልእክት በእርግጥ ደርሷል ማለት ነው።